ወፏ የጠራችው ስም

ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ሰፈር ገብታችሁ «ሙላት ፍሬን የታለ?» ብትሉ የማያሳያችሁ የለም። ፍሬን የአባቱ ስም እንዳይመስላችሁ። የአባቱ ስም ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ፍሬን ሲሠራ ኖሮ የአባቱ ስም ተረሳና ፍሬን በቦታው ገባ። የዓባይን ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር «ሙላት አይቶልሃል ወይ?» ሳይባል አይሸኝም።

ትውልዱ ከአምበር ወጣ ብሎ ነው። ወደ ከተማ የመጣው ዜማ ሊማር ነበር። መሪጌታው ዘንድ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቀን አንድ የእህል መኪና ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተበላሽቶ ቆመ። ሙላት ደብተሩን አስቀምጦ «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብሎ ሥሩ ገባ። ጓደኞቹ «ይኸው እንደ ገባ ነው፣ ገና አልወጣም» እያሉ እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል። ድምፁ ግን አልጠፋም። ሰው በሌለበት፣ መኪና ሥር ተንጋሎ፣ ዳዶ እያጠበቀ ያዜማል።

ደግ ሰው ነው፣ ይህን እኔም አልክድም። ግን አንድ ዓመል ነበረበት። እሱ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ፣ ልብስ ሰፊውም አናጢውም አለበት። ባለመኪናው ደውሎ «አለቀ ወይ?» ሲል «አልቋል! ና ውሰድ» ማለት። መኪናው ገና ክሪክ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማው ወልቆ፣ እሱ ሥሩ ተጋድሞ፣ «አልቋል!» ባለመኪናው ጫማውን እስኪያደርግ፣ መንገድ ላይ ሰው እስኪያነጋግር፣ እስኪደርስ ድረስ ሥራው ያልቃል። ካላለቀም «አንዲት ዳዶ ናት የቀረችው» ይባላል፤ ሻይ ይታዘዛል፤ ይሳቃል። በዚህ የተጎዳ ሰው አልነበረም። እስከዚያ ጥር ድረስ ማለቴ ነው።

ነገሩ የሆነው መንገዱ ሰላም በነበረበት፣ ሰውም ለጨዋታ ሐሳብ በነበረው ዘመን ነው። የከተማው ወጣቶች ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ላይ በየዓመቱ በጥር የመኪና እሽቅድምድም ያደርጉ ነበር። ታዲያ እሽቅድምድም ስላችሁ በቴሌቪዥን የምታዩትን እንዳታስቡ። አሮጌ ዲኤክስ፣ ወንበሩ የወለቀ፣ በሩ ላይ በቀለም ቁጥር የተጻፈበት፣ ይኸው ነው። ሰው ግን ከአማኑኤል ከተማ ድረስ እየመጣ ዳገቱን ይሞላው ነበር።

ከተወዳዳሪዎቹ ሁለቱ ስመ ጥር ነበሩ። አንደኛው አበባው ነው፤ አማኑኤል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን የዋህ። ሁለተኛው ዑበይዱላህ ነው፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። እናትና አባቱ ሲሞቱ ታላቅ እኅቱ ሀጀራ ናት መለዋወጫ ሱቁን ይዛ ያሳደገችው። ዑበይዱላህ ከሱቅ ይልቅ ሙላት ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው ማለት ይቻላል። «ጋሼ ሙላት» ካለ በቃ፣ ሌላ ሰው አይሰማም።

ከውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው የዑበይዱላህ መኪና የቀኝ የኋላ ጎማ የፍሬን ዘይት ማንጠብጠብ ጀመረ። ሙላት ፈትቶ አየው። ዘይቱን የምትይዘው ትንሿ ጎሚኒ አልቃለች። ከሀጀራ ሱቅ ተፈለገ፣ የለም። ከሌላም ተፈለገ፣ የለም። ሀጀራ አዲስ አበባ ደውላ በአውቶቡስ ይላክ አለች። ሙላት እስከዚያው መኪናው ዘይቱን ጨርሶ እንዳይቆም ብሎ፣ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ቱቦ ፈታና አንዲት የኩሽኔታ ብይ ውስጡ ጨምሮ መልሶ አጠበቀው። ይህ የቆየ የሹፌሮች ዘዴ ነው፤ በረሃ ላይ ስንቱን አድኗል። ያ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ ሦስቱ ይይዛሉ፤ መኪናው ቀስ ብሎ ቤቱ ይገባል። ቀስ ብሎ ነው እንግዲህ።

ጎሚኒዋ የደረሰችው በውድድሩ ዋዜማ ጠዋት ነው። ዋዜማው ደግሞ የጥር ሃያ አንድ ማርያም ነበረች። ሙላት በማርያም ቀን መፍቻ አይነካም፤ ሚስቱ ጤናዬ በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሞት አፋፍ ደርሳ በተረፈች ጊዜ የተሳለው ነው። በዚያ ላይ የማኅበሩ ተራ የእሱ ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ቄስ ወልደ ሰንበት ከላይ ተቀምጠዋል። «ነገ ማልጄ ተነሥቼ በአንድ ሰዓት ሥራ እጨርሳታለሁ» ብሎ ጎሚኒዋን መደርደሪያ ላይ አኖራት።

ጨዋታው ሁሉ ስለ ነገው ውድድር ነበር። አንዱ እንግዳ «የሙላት እጅ የነካው መኪና ካልቀደመ ምን አለ በሉኝ!» አለ። ቤቱ ሣቀ፣ ሙላትም ደስ አለው። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ዑበይዱላህ ነው።

«ጋሼ ሙላት፣ እንኳን አደረሰዎ። መኪናዋ አለቀች?»

ጨዋታው ጸጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ያያል። አሁን በዚህ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ ያን ሁሉ ምስጋና ተቀብሎ፣ «አላለቀችም» ይላል? አፉ እንደ ልማዱ ቀደመው።

«አልቋል! አልቋል፣ አታስብ!»

ጤናዬ አጠገቡ ቆማ ጠላ እየቀዳች ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ቅቤ ቢበቃውማ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

ማኅበሩ በጠላ ብቻ አልተበተነም፣ አረቄም ነበረበት። ማልዶ ሊነሣ ያሰበው ሙላት ዓይኑን የገለጠው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ቱታውን አጥልቆ ጋራዥ ሲደርስ መኪናው የለም። ዘበኛው «ልጁ ከንጋት በፊት መጥቶ ወሰደው፣ አልቋል ብለውት የለ?» አለው። ሙላት ባጃጅ ይዞ እየበረረ ሄደ።

ሲደርስ መኪኖቹ መነሻው መስመር ላይ ተሰልፈዋል። አስጀማሪው ባንዲራ ይዞ ቆሟል። ሕዝቡ በግራም በቀኝም ይጮኻል። ሙላት ሰው እየገፋ ከፊት ወጣ። ከዑበይዱላህ መኪና ጋር ሃያ እርምጃ አይርቁም ነበር። መጮኽ ይችል ነበር፤ ገብቶ ኮፈኑ ላይ መተኛት ይችል ነበር። ልቡ ግን ነገር አበጀለት፦ ሦስቱ ይይዛሉ። ልጁ ጎበዝ ነው። በዚህ ሕዝብ ፊት «ዋሽቻለሁ፣ መኪናው አላለቀም» ብል ከእንግዲህ ማን መኪና ይሰጠኛል? ምን ይሆናል፣ አንድ ዙር ነው። ይህን ሲያስብ ባንዲራው ወረደ።

ሦስተኛው ኩርባ ቁልቁለት ነው፣ ጠጠር ነው። ዑበይዱላህ እየበረረ መጥቶ ፍሬን ሲይዝ የግራው ጎማ ያዘ፣ የቀኙ አልያዘም፤ መኪናው ተሽከረከረና ከመንገዱ ወጥቶ ሁለቴ ተገለበጠ። መጀመሪያ የደረሰው ማን መሰላችሁ? ሙላት። በሩን በእጁ ገንጥሎ፣ እጁ እየደማ፣ ልጁን አወጣው። ሕዝቡ «እሰይ የወንድ ልጅ! አባት ማለት እንዲህ ነው!» አለ። ዑበይዱላህ ነፍሱ ተረፈች። ግራ እግሩን ግን ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

የተጨፈለቀው መኪና ወደ ሙላት ጋራዥ ተጎትቶ መጣ። ወዴትስ ሊሄድ ኖሯል? በማግስቱ ሙላት በሩን ዘግቶ ቱቦውን ፈታና ብዩን አወጣት። ኪሱ ውስጥ ከተታት። ቱቦውን መልሶ ሊያጠብቅ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሀጀራ ናት፣ ከሆስፒታል መምጣቷ ነው፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። የመለዋወጫ ነጋዴ ናትና መኪና ታውቃለች። ጎንበስ ብላ አየችና ቀጥ ብላ ቀረች።

«ጋሼ ሙላት፣ ይህን ቱቦ ሰው ፈትቶታል።»

ሙላት እጁን ኪሱ ከትቶ ብዩን ጨበጣት።

«ሰው ነው አይደል የፈታው? እርስዎ ያውቃሉ፣ በራሱ አይፈታም።»

«ሰው ሳይሆን አይቀርም» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ ሰው ነበራ! ግን አበስኩ ገበርኩ፣ ከዚያች ቃል የከፋ ውሸት በዕድሜው ሙሉ አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። የዑበይዱላህን ፍሬን ማን ፈታ? ሀጀራ ቱቦውን ከነዳዶው በፌስታል ጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ ይዛ ከጋራዥ ጋራዥ ትዞር ጀመር። ዳዶው ላይ አንድ ጭረት ነበር፤ ጥርሱ የተሸረፈ ቁጥር አስር መፍቻ የተወው ጭረት ነው። «ጋሼ ሙላት፣ የማምነው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ አብረውኝ ይዙሩና መፍቻዎቹን ይዩልኝ» አለችው። ምን ይበል? ዞረ። በየጋራዡ መፍቻ እየተቀበለ፣ ወደ ብርሃን እያወጣ፣ «ይኼ አይደለም» ይላል። የእሱን የራሱን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራበትን የተሸረፈ መፍቻ አስቀድሞ ሽንት ቤት ጥሎት ነበር። ሀጀራ በመጨረሻ እጁን ይዛ «አላህ ይስጥልኝ፣ አባት ሆኑኝ» ስትለው እጁን አስለቅቆ ሄደ። ቤቱ ገብቶ ምሳ አልበላም።

ጥርጣሬው ግን ባዶ ሜዳ ላይ አያርፍም፣ ሰው ይፈልጋል። በውድድሩ ጠዋት አበባውን ከዑበይዱላህ መኪና ኋላ ቁጢጥ ብሎ ያየው ሰው ተገኘ። አበባው «ምን ዓይነት ጎማ እንዳሰረ ለማየት ነበር» ቢል ማን ይስማው። ያ የማያርፍ አፉም ከሳምንት በፊት ሻይ ቤት ውስጥ «ዘንድሮ ከመንገድ ነው የማስወጣህ!» ብሎ ዑበይዱላህን አስፈራርቶት ነበር። ሁለቱም ስቀውበት ነበር ያን ጊዜ። አሁን የሚስቅ ጠፋ። ፖሊስ ጠርቶ መረመረው፣ ማስረጃ ሲያጣ ለቀቀው። ሰው ግን አልለቀቀውም። ሚኒባሱ ውስጥ የሚገባ መንገደኛ ጠፋ። ሊያገባት ሽማግሌ የላከባት የአማኑኤል ልጅ ወላጆች «ነገሩ ይጣራ» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ። ሙላት ይህን ሁሉ ይሰማል። አንድ ቀን አበባው ራሱ ጋራዥ መጥቶ በርሜል ላይ ተቀመጠና «ጋሼ ሙላት፣ እርስዎስ እኔ ነኝ ይላሉ?» አለው።

«አልልም» አለ ሙላት።

«እንግዲያው ለሰው ይንገሩልኛ! እርስዎ ቢናገሩ ሰው ያምናል።»

«እግዚአብሔር ያውጣህ» ብሎት መኪና ሥር ገባ። እዚያ ተንጋሎ ሲያለቅስ ያየው የለም። አበባው ብዙ ቆይቶ ተነሥቶ ሄደ።

ነገሩ እየከረረ ሲመጣ የሁለቱም ወገን ዘመዶች መተያየት አቆሙ፤ የዱላ ወሬም ተሰማ። ሽማግሌዎች ፈሩ። የዑበይዱላህ አጎት ሐጂ ሙዓዊያና ቄስ ወልደ ሰንበት መከሩና የአባቶቻችንን ሥርዓት እናድርግ፣ አውጫጭኝ ይጠራ አሉ።

አውጫጭኝ እንዲህ ነው። የሰፈሩ አዋቂ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የሚቀር የለም። ቃል የሚቀበሉ ሽማግሌዎች ለየብቻቸው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሰው በየተራ ወደ ፈለገው ሽማግሌ ሄዶ ያየውን የሰማውን በጆሮው ያንሾካሹካል። ተናጋሪው ስም የለውም፣ «ወፍ» ነው። ሽማግሌው የወፏን ማንነት እንዳያወጣ፣ የወፏን ቃል እንዳያስቀር ይምላል። በመጨረሻ ተነሥቶ «ወፏ እንዲህ አለች» ይላል፣ በቃ።

ሐጂ ሙዓዊያና ቄስ ወልደ ሰንበት ቃል ተቀባይ ሆኑ። ሦስተኛ ከጋራዦቹ ሰው ይጨመር ተባለ። ከሙላት ሌላ ማን አለ? «እኔ አይሆንልኝም፣ ሌላ ፈልጉ» ቢል «ልጁን ከእሳት ያወጣ ሰው፣ ማን ከእርስዎ ይሻላል!» ብለው አፉን አስያዙት። እሳት እንኳን አልነበረም። በቄሱ መስቀል ላይ እጁን ጭኖ ማለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጋራዦቹ ጀርባ ያለው ሜዳ ሞላ። ዑበይዱላህ ክራንቹን አጠገቡ አድርጎ በወንበር ተቀምጧል፣ ሀጀራ ከጎኑ። አበባው ብቻውን፣ ማንም አጠገቡ ሳይቀመጥ፣ ሣሩ ላይ። ወፎቹ በየተራ መጡ። «ወፏ አበባው ነው ትላለች።» «ወፏ አላየችም።» «ወፏ አበባው ሲዝት ሰምታለች።» ሙላት እያንዳንዷን ይቀበላል። አንዳንዱ ያየውን ሳይሆን የሰማውን ነበር የሚናገረው፤ የሰማውን ደግሞ የሰማው ከሌላ ሰሚ ነው። ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ ይህን ልጅ ያፈርሰዋል። ከሰፈር ይወጣል፣ ከእድር ይወጣል፣ ምናልባትም በዱላ ይወድቃል። ሙላት ይህን እያወቀ በጆሮው እየተቀበለ ያጠራቅማል።

ወደ መጨረሻው ጤናዬ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ወደ ሙላት መጣች። ከሰዉ ሣቅ ተነሣ፤ አንዱ «ምነው እቴ፣ ከባል ጋር ለማውራት ቤት ጠፋ?» አለ። ጤናዬ ዞር ብላ አላየችውም። ባሏ ፊት ተንበርክካ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«ወፏ ትናገር» አላት፣ ሥርዓቱ ነውና።

«ወፏ ጥፋተኛው ሙላት ነው ትላለች» አለች። «አልቋል ብሎ ሲዋሽ በጆሮዋ ሰምታለች። ሱሪውን ስታጥብ ከኪሱ የብረት ብይ አግኝታለች። መፍቻውን የት እንደጣለውም ታውቃለች።»

ሙላት እጇን ያዘ። «ጤናዬ...»

«ወፍ ስም የለውም።» አፏን ከጆሮው አላነሣችም። «አራት ሳምንት ሙሉ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። ቤት ባነሣብህ ትለማመጠኛለህ፣ እኔም እሺ እልሃለሁ፣ አውቀዋለሁ ራሴን። እዚህ ግን ምለሃል።» ተነሥታ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሦስት ወፍ መጣ፤ ምን እንዳሉት አልሰማም፣ ደግሞ አስደገማቸው።

ሐጂ ሙዓዊያ ተነሡ። «ከእኔ ዘንድ ሃያ አራት ወፍ መጥታ አሥራ አምስቱ አበባው ነው አሉ፤ የቀሩት አላየንም።» ቄስ ወልደ ሰንበትም ተነሥተው እንደዚያው አሉ። አበባው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ። ተራው የሙላት ሆነ። ተነሣ።

«አሥራ ሁለት ወፍ አበባው ነው አለች። ዘጠኝ ወፍ አላየሁም አለች።» ቆመ። ሰው ያበቃ መስሎት መነሣት ጀመረ። «አንዲት ወፍ ... ሙላት ነው አለች።»

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ቀጥሎ ጫጫታ ሆነ። «ማን ናት ይቺ ምቀኛ!» «ኧረ በስመ አብ! ልጁን አውጥቶ ይህ ይባልበት?» ሀጀራ ከሁሉ በላይ ተቆጣች፤ ተነሥታ ቆመች፦ «ወንድሜን በእጁ ያወጣ ሰው ነው! ከእኔ ጋር በየጋራዡ የዞረ ሰው ነው! ይቺ ወፍ ትውጣና ፊቴ ትናገር!»

«ወፍ አይወጣም» አሉ ሐጂ ሙዓዊያ።

«እንግዲያው ትወገዝ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፣ ሌላውም ተቀበለው። «አባ፣ ሐሰተኛዋን ወፍ ያውግዙልን! ይገዝቱልን!»

እዚህ ላይ ሙላት ነፃ ወጥቶ ነበር። መሐላውን ጠብቋል፣ የወፏን ቃል አላስቀረም፣ ማንም አላመነም። ዝም ቢል በቃ። ግን ቄስ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ከደረታቸው ሲያወጡ ዓይኑ ሴቶቹ መሐል ጤናዬ ላይ ወደቀ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ውግዘቱን ልትቀበል አቀርቅራለች። ያመለጠው ሁሉ በእሷ ራስ ላይ ሊወርድ ነው።

«አባ፣ አያውግዙ» አለ። ድምፁ ከሆዱ ነው የወጣው። «ወፏ እውነት ተናግራለች። እኔ ነኝ።»

ሙላት ሁሉንም ዘረገፈው፤ ብዩን፣ ጎሚኒዋን፣ ማርያምን፣ በእንግዶቹ ፊት የተናገራትን ቃል፣ አረቄውን፣ መፍቻውን። ዕንባው ጢሙን አረጠበው። «አበባው ልጄ፣ አንተን አውቄ ነው ያስበላሁህ። ሰው ሁሉ ሲጠቁምህ ዝም አልሁ። ለዚህ ምን ብዬ ይቅር በለኝ እልሃለሁ?»

አበባው ሣሩ ላይ ተደፍቶ ሰውነቱ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ፤ እስካሁን ሲሸሹት የነበሩት ሰዎች ሮጠው ትከሻውን ያዙት። ሀጀራ እንደ ቆመች ቀረች።

ሰው ግን ሙላትን ይወዳል። ጥቂት ቆይቶ ጉርምርምታው ለዘብ አለ። «ስሕተት ነው እንግዲህ» አለ አንዱ። «ሳያውቅ ነው፣ ተኝቶ አረፈደ፣ ልጁ ቀድሞ ወሰደው፤ ማን አይረሳም?» ሐጂ ሙዓዊያም ጢማቸውን እየዳበሱ «ዝምታው ከባድ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሰው ስሕተት ነው፣ እንነጋገርበታለን» አሉ። ሙላት ይህን ሲሰማ ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ ትንሽ የቀለለ መሰለው። አንዲት ነገር አስቀርቷል። ጤናዬም አታውቃት።

ዑበይዱላህ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ጋሼ ሙላት» አለ፣ ድምፁ ቁጣ የለበትም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መኪናዋ አለመሠራቷን መቼ ነው ያስታወሱት? ከወደቅሁ በኋላ ነው?»

«አዎ» ቢል አለቀ። የሚያውቅ የለም፤ ሰማይና ምድር ብቻ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «አዎ» እንዲል በዓይናቸው ይለምኑት ነበር። ሙላት ጨርቁ ተጠቅልሎ የተሰፋውን የልጁን ሱሪ እግር አየ።

«አይደለም» አለ። «ሳትነሣ በፊት ደርሼ ነበር። መስመሩ ላይ ሳለህ ከፊት ቆሜ ነበር።»

«አይቼዎታለሁ» አለ ዑበይዱላህ። «ሊሸኙኝ የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከእርስዎ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም ነበር ባንዲራው እስኪወርድ። እጅዎን እንዲህ ቢያደርጉልኝ እኮ እወርድ ነበር።»

መዳፉን ከደረቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳየው። ከዚያ ክራንቹን አንሥቶ ተነሣ፤ ሀጀራ ልትደግፈው ብትጠጋ እምቢ አላት። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት።